ነሐሴ 25 በሊሞን፦ ስለ ተመረጠ ቅርስ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ቀንና ስለ አንዲት የወደብ ከተማ ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 25፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 31 ነው። ከተማዋ በኮስታ ሪካ የካሪቢያን ጠረፍ ላይ የምትገኘው ሊሞን ናት። በየዓመቱ በዚህ ቀን የሊሞን ጥቁር ነዋሪዎች የአፍሪካ ልብስ ለብሰው በከተማቸው ጎዳናዎች ላይ በታላቅ ሰልፍ ያልፋሉ። የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ከመዝጋቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በዚያ ሰልፍ ዳር ቆሜ የማየት ዕድል አግኝቼ ነበር። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ከጉዞዬ ተመልሼ ፎቶግራፎቹን ለባልደረቦቼ ባሳየሁ ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ፣ «እነዚህ ሰዎች ከጃማይካ የመጡ የእንግሊዝ ተገዦች ልጆች አይደሉም እንዴ? የጋናን ኬንቴ ከመቼ ወዲህ ነው የአያት ቅርሳቸው ያደረጉት?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተንኮል የለበትም፤ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ነው። ከበስተጀርባው ግን አንድ እምነት አለ፤ ቅርስ ማለት ከአባት ለልጅ፣ ሰንሰለቱ ሳይበጠስ፣ እጅ በእጅ የሚተላለፍ ነገር ብቻ ነው የሚል እምነት። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በዚህ ረገድ የታደልን ስለሆንን ሰንሰለቱ የተበጠሰበትን ሰው ለመፍረድ እንቸኩላለን። እኔ ዛሬ ለማሳየት የምሞክረው የሊሞን ሰዎች ቅርስ በአብዛኛው የተመረጠ ቅርስ መሆኑን፣ የተመረጠ በመሆኑም ምንም እንደማያንስ ነው።

ከዋና ከተማዋ ከሳን ሆሴ እስከ ሊሞን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ በጉም የተሸፈነውን ተራራማ ደን አልፎ ወደ ቆላው ሲወርድ አየሩ ይከብዳል። ከዚያ ግራና ቀኝ የሙዝ እርሻ ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ዘለላ በሰማያዊ ፕላስቲክ ከረጢት ተሸፍኖ ይታያል። ሊሞን የተዋበች ከተማ ናት ብል አጋነንሁ። ቆርቆሯቸው የዛገ የእንጨት ቤቶች፣ ቀለማቸው የለቀቀ ሱቆች፣ ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያይ ረጃጅም ዘንባባዎች ያሉበት መናፈሻ አላት። በባሕሩ ዳር የሞተ ኮራል ወጥቶ ይታያል፤ በኤፕሪል 22 ቀን 1991 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ጠረፉን ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ላይ ስላነሣው ነው። ከባሕር ማዶ ኡቪታ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች፤ ኮሎምበስ በ1502 በዚያ አካባቢ መልሕቁን እንደ ጣለ ይነገራል።

ሰልፉ ከተባለው ሰዓት እጅግ ዘግይቶ ተጀመረ። የሐበሻ ቀጠሮ እዚያም አለ። ከፊት የትምህርት ቤት ልጆች ከበሮ እየመቱ መጡ። ከኋላቸው ቤተሰብ በቤተሰብ ይከተላል፤ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ከአንድ ጣቃ ጨርቅ የተሰፋ ልብስ ለብሰው፣ ሴቶቹ ሻሻቸውን ከፍ አድርገው ጠምጥመው። መራመድ ያቃታቸው አረጋውያን ጣሪያቸው በተከፈተ መኪናዎች ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። የመንገዱ ዳር ተመልካች ዝም ብሎ አያይም። የሚያውቀውን ሰው በስም ይጠራል፤ ተሰላፊውም ከሰልፉ ወጥቶ ይሳሳምና ሮጦ ወደ ቦታው ይመለሳል። በዚህ የተነሣ ሰልፉ በየደረሰበት ይቆማል፤ ማንም ግን ቅር የሚለው የለም።

ዓይኔን ይበልጥ የሳበው ከኬንቴ ለባሾቹ ቀጥሎ የመጣው ቡድን ነበር። ሴቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ነጭ የዳንቴል ቀሚስ፣ ጓንትና ባርኔጣ አድርገዋል፤ ወንዶቹ በዚያ ሙቀት ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። እነዚህ ኳድሪል የተባለውን ውዝዋዜ የሚወዛወዙ ናቸው። ኳድሪል የፈረንሳይ ዳንስ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ መኳንንት አዳራሾች ገነነ፤ ከዚያ ወደ ጃማይካ ተሻገረና ጥቁሮቹ በራሳቸው ምት አደረጉት፤ ከጃማይካም ከሠራተኞቹ ጋር በመርከብ ሊሞን ደረሰ። እንግዲህ በሰንሰለት የተላለፈ ቅርስ ካልን ለእነዚህ ሰዎች ከአያት ቅድመ አያት እጅ በእጅ የመጣው ይህ የአውሮፓ ዳንስ ነው። ኬንቴው ግን በኋላ፣ በፈቃድ፣ ታስቦበት የመጣ ነው። በጋና አሻንቲዎችና ኤዌዎች የሚሸምኑት ይህ ጨርቅ በተለይ ጋና በ1957 ነጻ ከወጣች ወዲህ የመላው አፍሪካ ምልክት ሆነ። በሊሞን ጎዳና ያየሁት አብዛኛው ደግሞ የተሸመነ ሳይሆን የኬንቴ ንድፍ የታተመበት ጥጥ ነበር። የባልደረባዬ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በዚህ ጉርብትና ይመስለኛል። አንዱ የተረከቡት ነው፤ ሌላው የመረጡት ነው፤ በሰልፉ ላይ ሁለቱም እኩል ይሄዳሉ። ለምን መምረጥ እንዳስፈለጋቸው ለመረዳት ግን ወደ ባቡሩ ታሪክ መመለስ ግድ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላንሣ። ከባቡሩ በፊት በኮስታ ሪካ ጥቁር ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። በቅኝ ግዛት ዘመን በማቲና የካካዎ እርሻዎች ላይ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ይሠሩ ነበር። የአገሪቱ ጠባቂ ቅድስት ተብላ የምትከበረው የእመቤታችን ምስልም ከጥቁር ድንጋይ የተቀረጸች፣ ሕዝቡ «ላ ኔግሪታ» ብሎ በፍቅር የሚጠራት ናት። በትውፊቱ መሠረት በ1635 የተገኘችው ድብልቅ ዘር ያላቸው ሰዎች ይኖሩበት በነበረ መንደር ነው። ራሷን ለረጅም ዘመን «ነጭ» እያለች ስትጠራ የኖረች አገር በየዓመቱ የምትሳለመው ጥቁሯን ምስል መሆኑ ለብቻው አንድ ንግግር ይወጣዋል፤ ዛሬ አልገባበትም።

ባቡሩ የታሰበው ቡናን በአትላንቲክ በኩል በቀጥታ ወደ አውሮፓ ለማውጣት ነበር። ውሉ በ1871 ተፈረመ። ከ1872 ጀምሮ የጃማይካ ሠራተኞች በመርከብ እየመጡ ሊሞን ወረዱ። መስመሩ ሳን ሆሴን ከጠረፉ ጋር ሙሉ በሙሉ ያገናኘው በ1890 ነው፤ በመካከሉ ወባና ቢጫ ወባ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ፈጅተዋል። ሥራውን የመራው አሜሪካዊው ማይነር ኪት በ1884 በተፈራረመው ውል ባቡሩን ለ99 ዓመት እንዲያስተዳድርና 800,000 ኤከር መሬት እንዲይዝ ተፈቀደለት። በሐዲዱ ዳርና ዳር ሙዝ ተከለ፤ በ1899 ደግሞ ዩናይትድ ፍሩት ካምፓኒ ተመሠረተ። ድሬዳዋን የባቡር ልጅ እንደምንላት ሁሉ ሊሞንም የባቡርና የሙዝ ልጅ ናት። ልዩነቱ የሊሞን ባቡር ገንቢዎች በገነቡበት አገር ባይተዋር ሆነው መቅረታቸው ነው። ልጆቻቸው እዚያው ቢወለዱም እንደ ባዕድ ይቆጠሩ ነበር። የሚማሩት በቤተ ክርስቲያን በሚመሩ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤቶች ነው፤ ችግር ሲደርስባቸው አቤት የሚሉት ለእንግሊዝ ቆንስል ነው፤ እንግሊዝን ግን በዓይናቸው አላዩም።

አንድ ወጣት ጃማይካዊ በ1910 ገደማ ወደዚህች ከተማ መጣ። በሙዝ እርሻ ላይ የሠራተኞችን የሥራ ሰዓት የሚመዘግብ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ፤ የወገኖቹን ድካም ባየው መጠን መረረውና ጋዜጣ እስከ ማዘጋጀት ደረሰ። ይህ ሰው ማርከስ ጋርቬይ ነው። በ1914 ኪንግስተን ላይ የጥቁር ሕዝቦች ዓለም አቀፍ መሻሻያ ማኅበርን መሠረተ። ማኅበሩ ወደ ኒው ዮርክ ከተሻገረ በኋላ በ1919 ብላክ ስታር ላይን የተባለ የመርከብ ድርጅት አቋቋመ። በኦገስት 1920 ኒው ዮርክ ላይ በተደረገው ታላቅ ጉባኤ 54 አንቀጾች ያሉት የጥቁር ሕዝቦች የመብት መግለጫ ጸደቀ። አንቀጽ 53 በየዓመቱ ኦገስት 31 የጥቁር ሕዝቦች ዓለም አቀፍ በዓል እንዲሆን ይደነግጋል። የሊሞን ሰልፍ ቀን ከዚያ የመጣ ነው። ዳንስ ለመደነስ የተመረጠ የዕረፍት ቀን አይደለም፤ መንግሥት ያልነበራቸው ሰዎች እንደ መንግሥት ተሰብስበው ያወጁት የሕዝብ በዓል ነው።

የዚያው መግለጫ አንቀጽ 40 እኛን በቀጥታ ይመለከታል። የጥቁር ሕዝብ ሁሉ መዝሙር ይሆናል ብሎ የሚያጸድቀው መዝሙር ኢትዮጵያን የአባቶቻችን ምድር እያለ የሚጠራ ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎቼን የማሳስበው ነገር አለ። ይህ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም የእኛን ድንበርና የእኛን መንግሥት ብቻ አያመለክትም። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ለባሮች ልጆች የደረሰ ስም ነው፤ ከ1896ቱ የዐድዋ ድል በኋላ ደግሞ ክብደት ጨመረ። ጋርቬይ ራሱ ከ1936 ወዲህ ንጉሠ ነገሥታችንን በጽሑፍ ክፉኛ ተችቷል፤ የሚወዳት ኢትዮጵያና ያች በካርታ ላይ ያለችው ኢትዮጵያ ለእርሱ አንድ አልነበሩም። ስሙ ሲጠራ የሚሞቀን እኛ ይህን ልዩነት ብናውቀው ደግ ነው።

አሁን በ1920ዎቹ ሊሞን ውስጥ የተወለደን ልጅ አስቡ። ኮስታ ሪካዊ አይደለህም ይባላል። የእንግሊዝ ተገዢ ነህ ይባላል፤ እንግሊዝ ግን አታውቀውም። ጃማይካን ከወላጆቹ ወሬ በቀር አያውቃትም። ለዚህ ልጅ «ኢትዮጵያ» ማለት ዜግነት ነበር። ፓስፖርት የማይሰጥ፣ ግን መዝሙር፣ ሰንደቅ ዓላማና በዓል ያለው ዜግነት። ጋርቬይ በ1921 ሊሞንን ዳግመኛ ሲጎበኝ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ የወጣው ለዚህ ነው። የማኅበሩ ቅርንጫፍ አዳራሽ በከተማዋ የተሠራው በ1922 ነበር፤ በመርከብ ድርጅቱ ስምም ተጠራ። የሚገርመው ድርጅቱ የከሰረው በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። መርከቦቹ ሲቆሙ ቤቱ ቆመ። ከ90 ዓመት በላይ የሕዝብ መሰብሰቢያ ሆኖ አገልግሎ በኤፕሪል 29 ቀን 2016 በእሳት ወደመ። እኔ በሄድሁ ጊዜ ያ አሮጌ የእንጨት አዳራሽ አልነበረም፤ ሰልፉ ግን ነበረ።

በሰልፉ ዳር አጠገቤ በፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ በአገራችን ወግ «እማማ» ብዬ የምጠራቸው አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። ከየት እንደ መጣሁ ጠይቀው ስነግራቸው እንደ ፈራሁት አላለቀሱም፤ እጄንም አልሳሙም። ትንሽ አሰብ አድርገው እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ። አያታቸው ፓን ቦን የሚባለውን ቅመም የበዛበት ጥቁር ዳቦ ሲያቦኩ ያንን መዝሙር ያንጎራጉሩ ነበር። እሳቸው ልጅ ሳሉ ኢትዮጵያ የአገር ስም መሆኑን አያውቁም፤ ብላክ ስታር መርከቦች የሚሄዱበት ወደብ ስም ይመስላቸው ነበር። «ለመሆኑ ልጄ፣ ወደቡ ትልቅ ነው?» አሉኝ ፈገግ እያሉ። ያኔም ዛሬም የራሷ ወደብ የሌላት አገር መሆኗን ነገርኋቸው። «እንግዲያስ መርከቡ መቅረቱ ደግ ሆነ» አሉና ሳቁ፤ «ብንሄድ የት ልንወርድ ኖሯል?»

እማማ ሲያጫውቱኝ አንድ ሌላም ነገር አነሡ። በወጣትነታቸው ጥቁር ሰው ከቱሪያልባ አልፎ ወደ ደጋው እንዳይወጣ የሚከለክል ሕግ እንደ ነበር ከወላጆቻቸው ሰምተዋል። ይህን ሊሞን ውስጥ ያልነገረኝ ሰው የለም። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን እንዲህ የሚል የተጻፈ ሕግ አላገኙም። ተጽፎ የሚገኘው ሌላ ነው። የሙዝ በሽታ የካሪቢያኑን እርሻ ሲያጠፋው ካምፓኒው ወደ ፓስፊክ ጠረፍ ተዛወረ፤ በ1934 የወጣው የሙዝ ውል ሕግም በዚያ በኩል «ቀለም ያላቸው ሰዎች» እንዳይቀጠሩ ከለከለ። ሥራው ሄደ፤ ሠራተኛው እንዳይከተለው ታገደ። አፈ ታሪኩ የሕጉን ቦታ ቢያዛባም የሕይወቱን ልክ አላዛባም። በቃል ታሪክ የምትሠሩ ተማሪዎች ይህን ልዩነት አጥብቃችሁ እንድትይዙት እፈልጋለሁ። «እንዲህ ያለ ሕግ የለም» ብሎ መዝገቡን መዝጋት ቀላል ነው፤ ሰዎቹ ምን ለማለት እንደ ፈለጉ መፈለግ ግን ሥራ ነው።

ዜግነቱ የተፈታው ከ1948ቱ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ፣ በ1949 ነው። በ1953 አሌክስ ከርሊንግ የመጀመሪያው ጥቁር የምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ። በ1972 ካርሎስ ሜሌንዴስና ኩዊንስ ደንከን ስለ ጥቁር ኮስታ ሪካውያን ታሪክ የጻፉት መጽሐፍ ታተመ። በ1980 ኦገስት 31 በአገር አቀፍ ደረጃ የጥቁር ሰው ቀን ተብሎ ታወጀ። በ2015 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ አገሪቱ የብዙ ብሔሮችና የብዙ ባህሎች ሪፐብሊክ መሆኗ በአንቀጽ 1 ሰፈረ። ኤፕሲ ካምቤል በ2018 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዲሴምበር 2020 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፣ በኮስታ ሪካ ግንባር ቀደም ጥረት፣ ኦገስት 31ን የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሕዝቦች ዓለም አቀፍ ቀን አድርጎ አጸደቀ። ኒው ዮርክ ላይ የታወጀ ቀን ከመቶ ዓመት በኋላ ኒው ዮርክ ላይ ጸደቀ። በመካከሉ ዓለም ረስቶት ሳለ ሳይጥሉት ከያዙት መካከል አንዷ ይህች የሙዝ ወደብ ናት።

የሚያሳስበኝም ነገር አለ። በበዓሉ ዕለት ከሳን ሆሴ በርካታ አውቶቡሶች ይመጣሉ። እንግዳው በኮኮናት ወተት፣ በጦስኝና ሳይቆረጥ ሙሉውን ድስቱ ላይ በሚጣል ኃይለኛ ቃሪያ የተቀቀለውን ሩዝና ባቄላ ይበላል። በደቡብ ምዕራብ አገራችን ቦዬ ከምንለው የሚዛመደው ሥራ ሥር ከዓሣ ጋር የሚገባበትን ሮንዶን የተባለ ሾርባም ይጠጣል፤ ፎቶ ያነሣል፤ ማታ ይመለሳል። ጣዕሙን አልክድም፤ እኔም ሁለት ሳህን በልቻለሁ። ነገር ግን ሊሞን በዓመቱ ቀሪ ቀናት ከአገሪቱ ድኻ አውራጃዎች አንዷ ናት፤ ወጣቶቿ ሥራ ያጣሉ፤ የአገሪቱ የውጭ ንግድ በደጃፋቸው ያልፋል። ከሰልፉ ፊት የሚሄዱት ባለሥልጣኖችና የድርጅት ማስታወቂያ የያዙት መኪናዎች ይህን አያነሡም። በጥቅምት የሚደረገው ካርኒቫል የሁሉም ነው፤ የነሐሴው ሰልፍ ግን ከጥያቄ የተወለደ ነው፤ ጥያቄው ወጥቶ ቀለሙ ብቻ ቢቀር ባልደረባዬ በኬንቴው ላይ ያነሣው ትችት ያኔ እውነት ይሆናል።

ወደ መዝሙሩ ልመለስ፤ ምክንያቱም ከሊሞን ወደዚህ አዳራሽ የሚያመጣ መንገድ አለው። ከደራሲዎቹ አንዱ አርኖልድ ፎርድ ይባላል። ባርቤዶስ ተወልዶ በኒው ዮርክ የጋርቬይ ማኅበር የሙዚቃ መሪ የነበረ፣ በኋላም የጥቁር አይሁዶች ጉባኤ መምህር የሆነ ሰው ነው። ብላክ ስታር ላይን ከከሰረ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1930፣ በንግሥ በዓሉ ሰሞን አዲስ አበባ ገባ፤ በ1935 የጣልያን ወረራ ሊጀምር ሲል እዚሁ ዐረፈ። ባለቤቱ ወይዘሮ ሚኞን ፎርድ ወረራውን እዚህ አሳለፉት፤ የልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት መሥራችም ናቸው። ልጃቸውን ፕሮፌሰር አቢይ ፎርድን በፊልምና በኮሙኒኬሽን ትምህርት ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ሊሞን ውስጥ አንዲት አያት ሊጥ እያቦኩ ያንጎራጎሩት መዝሙር ደራሲ ዐፅም ያረፈው በእኛ ከተማ ነው። በዚያ ዘመን ከካሪቢያን መጥተው እዚህ በመምህርነትና በልዩ ልዩ ሙያ ያገለገሉ ሌሎችም ነበሩ፤ ስለ እነርሱ በአማርኛ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን አንድ ሥራ ላቅርብ። የመመረቂያ ርእስ እየፈለጋችሁ ያላችሁ፣ ከአያቶቻችሁ ወይም ከጎረቤቶቻችሁ መካከል በእነዚያ መምህራን እጅ የተማሩ ካሉ ሂዱና አነጋግሯቸው። በየቤቱ አልበም ውስጥ ፎቶግራፍ፣ ደብተርና የምስክር ወረቀት ይገኛል። ተማሪዎቻቸው ዛሬ እጅግ አርጅተዋል፤ ሥራው የሚጀመረው በዚህ ሴሚስተር ነው እንጂ በሚቀጥለው ዓመት አይደለም። መቅረጸ ድምፅ ለሚያስፈልጋችሁ የትምህርት ክፍላችን ያውሳል፤ ሐሳባችሁን ይዛችሁ ቢሮዬ ኑ።

ጊዜ ስላለን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።